በረዶ የሰነጠቀው ሶላርና የጣሪያ ውሃ

ጣሪያህ ላይ ያለውን የሶላር ፓኔል በረዶ ሰነጠቀው፣ መርዝ አለው ወይ፣ የጣሪያውስ ውሃ ይጠጣል ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ፓኔሉ እስኪወርድ ድረስ ከዚያ ጣሪያ የምታጠራቅመውን የዝናብ ውሃ አትጠጣው፣ ምግብም አትሥራበት። ለጽዳት ይሁን።

መርዝ አለው ወይ ላልከው፣ ፊቱን እየው። በቀጫጭን የብር መስመሮች የተያያዙ አራት ማዕዘኖች (ሴሎች) ካሉት የሲሊከን ፓኔል ነው። ሲሊከኑ ራሱ መርዝ አይደለም፤ እርሳስ የሚኖረው ሴሎቹን በሚያያይዘው ብየዳ ውስጥ ነው፣ እሱም መጠኑ ትንሽ ነው፣ በፕላስቲክ ስለታሸገ ቶሎ አይወጣም፣ ግን ስንጥቁ ውሃ እያስገባ ከከረመ ቀስ በቀስ ሊሟሟ ይችላል። ፊቱ ወጥ ጥቁር ከሆነ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ያለበትም ሊሆን ስለሚችል ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብብ።

ስታወርደው በጨርቅ ሸፍነው፣ ጓንት አድርግ። ሽቦውን ላውጣ ብለህ እንዳታቃጥለው!

እኔ ፓኔሉን ስፈራ አሮጌውን የሶላር ባትሪ ልጆች የሚጫወቱበት ጥግ ትቼው አሲዱ ሲሚንቶውን በልቶት አገኘሁት። የመኪና ዓይነቱ ባትሪ እኮ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው።