ቤቱ ከፈረሰ ሰሌዳው የት ይቁም?

ጥያቄ፦ ወንድ አያቴ በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ዘመን እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የውስጥ አርበኛ ነበሩ። ከራስ መኰንን ድልድይ ወጣ ብሎ የነበረው ቤታቸው ለመንገድ ሥራ ፈርሷል። እንግሊዝ አገር የምትኖረው እኅቴ፣ በምትኖርበት ካውንቲ የታወቁ ሰዎች በነበሩባቸው ቤቶች ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ እንደሚደረግ ስለነገረችን፣ ቤተሰቡ ገንዘብ አዋጥቶ የእብነ በረድ ሰሌዳ ሊያሠራ ተስማምቷል። ቤቱ ሳይኖር ሰሌዳ ማቆም ትርጉም አለው? ምን ተብሎስ ይጻፍ?
አንዲት አንባቢ፣ ከአራዳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ትርጉም አለው፤ እንዲያውም በአያትዎ ጉዳይ ከሌላው ይበልጥ አለው እላለሁ። በጫካ የተዋጋ አርበኛ፣ የተዋጋበት ተራራና የተሻገረው ወንዝ ይመሰክሩለታል። የውስጥ አርበኛ ግን ሥራው ሁሉ በጓዳ ነበር። እንደ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉት የከተማ አርበኞች በጠላት ዓይን ሥር ሆነው በዱር ላለው ወገን መሣሪያ፣ ስንቅና ወሬ ሲያቀብሉ፣ የጦር ሜዳቸው አጥርና በር ያለው ተራ መኖሪያ ቤት ነበር። ስለዚህ ቤቱ ሲፈርስ የጠፋው መኖሪያ ብቻ አይደለም፤ ታሪኩ የተፈጸመበት ስፍራም አብሮ ምልክት አልባ ሆኗል።

እኅትዎ የጠቀሱት ልማድ በለንደን እ.ኤ.አ. በ1867 ለባለቅኔው ባይረን በተደረገ ሰሌዳ የተጀመረ ሲሆን፣ ያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1889 ሲፈርስ ሰሌዳውም አብሮ ቀርቷል። ዛሬ የለንደኑን ሥራ የሚመራው ተቋም፣ ሰሌዳ የሚደረግለት ሰው ከሞተ ሃያ ዓመት ያለፈው እንዲሆንና ከሰውየው ጋር የተያያዘ ሕንፃ አሁንም የቆመ እንዲሆን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ደንብ ስሜት ረገብ ካለ በኋላ ለመፍረድ ስለሚረዳ ብንወስደው መልካም ነው፤ ሁለተኛው ግን ለአዲስ አበባ አይሆንም። በዚህች ከተማ መታሰቢያው ከግንብ ይልቅ ከመሬቱ ጋር የተጣበቀ ነው። መኳንንቱ ቦታ ተሰጥቷቸው ሲሰፍሩ፣ ጭፍራውና ቤተ ሰቡ በዙሪያቸው ሰፈረ፤ ስፍራውም በስማቸው ተጠራ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ሼህ ሆጀሌ ሰፈር የሚሉት ስሞች በአፍ የቆዩ የመታሰቢያ ሰሌዳዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ነገር ከቦታው መነሣቱም የታሪኩ መጨረሻ አይደለም፦ የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ጣሊያን አንሥቶት ከነፃነት በኋላ ወደ ስፍራው ተመልሷል፤ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም ለቀላል ባቡሩ ሥራ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆሟል።

የሚጻፈውን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ በከተማችን በምናያቸው ሰሌዳዎች ላይ የመራቂው ባለሥልጣን ስምና ማዕረግ በጉልህ ይቀረጽና የሚታሰበው ሰው ከታች በደቃቅ ፊደል ይቀራል። እርስዎ ይህን አይከተሉ። የአያትዎ ስም ከነአባታቸው፣ በዚያን ጊዜ የነበራቸው ማዕረግ፣ በዚያ ቤት ያደረጉት ሥራና ዘመኑ ይበቃል። የፈረስ ስም ካላቸው አይተዉት፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻን አባ ነፍሶ ብሎ የሚያስታውሰው ሰው ብዙ ነው። «በዚህ ስፍራ በነበረው ቤት፣ ከ1929 እስከ 1933 ዓ.ም. ለአርበኞች የሚላክ ጥይትና መድኃኒት ይደበቅ ነበር» የሚል ዓይነት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ እውነትነቱ ከተረጋገጠ፣ «ታላቁ ጀግና» ከሚል አሥር መስመር ውዳሴ የበለጠ መንገደኛውን ያቆመዋል።

ዘመኑ ላይ በጣም ይጠንቀቁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአውሮፓውያን ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነው፤ ሰሌዳው ላይ «1929» ብቻ ቢጻፍ የውጭ አገር ጎብኚ ከወረራው በፊት የሆነ ነገር ይመስለዋል። ስለዚህ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ሁለቱም ይኑሩ። ቤተሰቦች ሲያሰሉ የሚሳሳቱት ሁልጊዜ ስምንት በመደመር ነው፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ግድም፣ የአውሮፓውያኑ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ፣ ልዩነቱ ሰባት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲሆን፣ በእነርሱ 1930 እንጂ 1931 አይደለም።

ጠራቢውንም ፊደሉን ጠልቆ እንዲቀርጽ ይንገሩት። በቆዩ የመቃብር ድንጋዮች ላይ እንደሚታየው፣ የፊደላችን እግርና ቅጥያ ትንሽ በመሆኑ በክረምት ዝናብ ይሟሟል፣ አቧራም ይሞላዋል፤ «ሙሉጌታ» የሚለው ስም «መለጌታ» ወደ መምሰል ይደርሳል። ቀለም ብቻ የተቀባ ጽሑፍማ ጥቂት ክረምት ቢያልፍ ነው። ሰሌዳው ከመቀረጹ በፊት ጽሑፉን በወረቀት በልኩ አስጽፈው ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ያንብቡት።

መሬቱ የመንግሥት፣ መንገዱም የሕዝብ ስለሆነ ፈቃድ ከወረዳው መጠየቅ ግድ ነው፤ በአጠገቡ ወደቆመ በቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃ ግድግዳ ለመለጠፍ ካሰቡ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣንን አስቀድመው ያማክሩ። አያትዎ የአርበኝነት ሜዳሊያ ወይም የምስክር ወረቀት ካላቸው ከማመልከቻው ጋር ያያይዙት፤ ከሌለም የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበርን ይጠይቁ።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ስፍራውን ማወቅ ነው። አዲሱ መንገድ ካለቀና የዳሩ ዛፍ ካደገ በኋላ በሩ የት እንደነበረ የሚያሳይ ምንም አይኖርም። የቀድሞ ጎረቤቶችዎንና የዕድሩን አዛውንት ይዘው ይውረዱ፤ በሩ የነበረበት ላይ ቆመው ፎቶግራፍ ይነሡ፤ ከድልድዩ ጫፍ እስከዚያ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው፣ በቦታው የነበሩትን ሰዎች ስም ጽፈው ያስፈርሙ። ይህን ከጠራቢው ጋር ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት፣ ቢቻል በዚሁ ሳምንት ያድርጉት።