ለአንበሳው ሥጋ በዓቢይ ጾም ከየት ይመጣል?

ጠያቂያችን የ34 ዓመት እናት ናቸው። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የረድኤት ድርጅት የፋይናንስ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ባለፈው ዓመት ከአምስት ዓመት ልጃቸው ጋር ሆለታ አጠገብ የሚገኘውን የእንስሳ ኮቴ የዱር እንስሳት ማዕከል ጎብኝተው ከተመለሱ ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ቦታ የመምራት ሐሳብ እንቅልፍ ነስቷቸዋል። እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «የእንስሳት ሕክምና ከሀ ብዬ ልማር? ወይስ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የራሳችንን ማዕከል እናቋቁም? ዘመዶቼ ‹ሰው እየተራበ ለአንበሳ?› እያሉ ይስቁብኛል። ምን ልበላቸው?»

እህቴ፣

የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ አጭር ነው፤ አይማሩ። ትምህርቱን ጨርሰው ሲወጡ አርባ ዓመት ይሞላዎታል። ያን ጊዜ በእጅዎ የሚኖረው ቢሾፍቱና ጎንደር በየዓመቱ የሚያስመርቋቸው ወጣቶች የያዙት ዓይነት ወረቀት ነው። ዛሬ በእጅዎ ያለውን ግን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

በዚህ ሙያ ስማቸው የሚነሳ ሰዎችን እስቲ ይመልከቱ። የእናታቸውን ጡት ያጡ የዝሆን ግልገሎችን በማሳደግ የታወቀውን የናይሮቢውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 የመሠረቱት ዳፍኒ ሼልድሪክ የእንስሳት ሐኪም አልነበሩም። በኪንሻሳ ዳርቻ ቦኖቦ የሚባሉ የቺምፓንዚ ዘመዶች መጠለያ የከፈቱት ክሎዲን አንድሬም ሐኪም አይደሉም። እርስዎ የጎበኙትን ማዕከል የሚያስተዳድረው ቦርን ፍሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲጠነሰስ፣ ከጀማሪዎቹ መካከል ቨርጂኒያ ማኬናና ባለቤታቸው ቢል ትራቨርስ የፊልም ተዋንያን ነበሩ። ሐኪም ይቀጠራል። የሐኪሙን ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ሳያዛንፍ የሚከፍል፣ መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት ግዢውን የሚጀምር ሰው ግን በቀላሉ አይገኝም። እዚህ አገር በርካታ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን በቅርብ አይቻለሁ፤ በእውቀት ማነስ ከተዘጉት ይልቅ በሒሳብ መዛባት የተዘጉት ይበዛሉ።

ስለዚህ በሚያውቁት ቋንቋ ልንገርዎት። አንድ ወረዳ ከሰው ቤት የወረሰውን የአንድ ዓመት የአንበሳ ደቦል ይዞ በርዎ ላይ ቆመ እንበል። ጎብኚው የሚያየው የሚያሳዝን ዓይን ነው። እርስዎ ማየት ያለብዎት ዕዳውን ነው። በእንክብካቤ ሥር ያለ አንበሳ እስከ ሃያ ዓመት ሊኖር ይችላል። ያደገ አንበሳ በአማካይ በቀን 5 ኪሎ ግራም ሥጋ በላ ብንል፣ በዓመት 1,825 ኪሎ ግራም፣ በአሥራ አምስት ዓመት ከ27 ቶን በላይ ይሆናል። ይህ የአንድ አንበሳ ሒሳብ ነው፤ አጥሩ፣ ውኃው፣ ሠራተኛውና ማደንዘዣው አልተጨመረበትም። ለጋሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የሚሰጠው ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ነው። የሃያ ዓመት ዕዳ በሦስት ዓመት ስጦታ ሲሸከሙ መኖር ነው እንግዲህ ሥራው።

ሥጋው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሉካንዳው ሲዘጋና የእርድ ቁጥር ሲቀንስ፣ አንበሳው አይጾምም። በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ የከብት ዋጋ ይሰቀላል። ማቀዝቀዣ ገዝተው ቢያከማቹ መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተር ቢገዙ ነዳጅ ይጠፋል። ቀይ ሥጋ ብቻ መስጠትም አይበቃም፤ አጥንት ያልቀመሰ ደቦል ካልሲየም አጥሮት እግሩ ይጣመማል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚመጣውን ማደንዘዣና ክትባት በጀት ያዘጋጁ ሰዎች ምን ያህል እንደተጨነቁ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። እነዚህን ነገሮች የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አያስተምርም።

እስካሁን ያልኩት ልብዎን ያሞቀው ከሆነ ጥሩ፤ አሁን የሚያቀዘቅዘውን ልናገር። ማገገሚያ ማዕከል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ገብቶ፣ ድኖ፣ ወደ ዱር የሚሄድ እንስሳ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ አለን፤ የሚያኮራም ነው። በ2012 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እግሩ በጥይት የተሰበረ አንድ ቀይ ቀበሮ ተገኘ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ባለሙያዎቹ ከፓርኩ ሳያርቁት ጊዜያዊ ማቆያ ሠርተው 50 ቀን ገደማ አከሙት፤ «ተረፈ» ብለው ሰየሙትና መከታተያ አንገቱ ላይ አስረው ለቀቁት። ኖረ፤ ወለደም። ይህ የተሳካው ተረፈ በዱር ያደገ፣ አደን የሚያውቅ፣ ሰውን የሚፈራ፣ አገሩን ያልለቀቀ እንስሳ ስለነበረ ነው።

እንስሳ ኮቴ ያዩዋቸው አብዛኞቹ ግን እንዲህ አይደሉም። ዶሎ የሚባለውን አንበሳ ታሪክ አስጎብኚው ነግሮዎት ይሆናል፤ ስሙን ያገኘው በሶማሊያ ድንበር ካለችው ከተማ ሲሆን፣ እዚያ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ለዓመታት ኖሯል። የአቦ ሸማኔ ግልገሎቹም ነገር ያው ነው። ከምሥራቁ የአገራችን ክፍልና ከጎረቤት አካባቢዎች ተሰርቀው፣ በሶማሌላንድ ወደብ በኩል ወደ ዓረብ አገራት ሲሻገሩ የተያዙ ናቸው። አቦ ሸማኔ ከእናቷ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ትቆያለች፤ አደን የምትማረው በዚያ ጊዜ ነው። በወር ዕድሜዋ በካርቶን ተጭና የተወሰደች ግልገል ይህን ትምህርት አታገኘውም። ሰውንም አትፈራም፤ ብትለቀቅ የምትሄደው ወደ በግ በረት ነው። ስለዚህ ዕድሜ ልኳን ከእርስዎ ጋር ናት።

ቦታው ሲሞላ ምን ይደረጋል? የተወረሱ እንስሳትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ መመሪያ በግልጽ የሚያስቀምጠው ሦስት መንገድ ነው፦ ወደ ዱር መመለስ፣ ዕድሜ ልክ መያዝ፣ ወይም ያለ ሥቃይ እንዲሞት ማድረግ። ሦስተኛውን ማንም ጎብኚ ፊት አይጠራውም። ውሳኔውን ሐኪሙ ያቀርባል፤ ፊርማው ግን የሥራ አስኪያጁ ነው። በአንድ ወቅት ለአንድ የእንስሳት መጠለያ ሥራ አስኪያጅ ለመቅጠር በተቀመጠ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። አመልካቾቹን ሁሉ «መቼ ነው እንቢ የሚሉት?» ብለን ጠየቅን። አብዛኞቹ «እኔ እንስሳ አልመልስም» አሉ፤ እንደ መልካም ምግባር ቆጥረውት። ያለፈችው ግን ወረቀት አውጥታ «ለይቶ ማቆያው ስንት ክፍል አለው?» ብላ መልሳ የጠየቀችን ነበረች። ያልቆጠረ ሰው ለአንዱ ሲያዝን አርባውን ያስርባል።

የዳፍኒ ሼልድሪክን ስም ያነሳሁት ለሌላም ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አይሻ የምትባል ገና አራስ የሆነች የዝሆን ግልገል ያሳድጉ ነበር። የሚስማማትን ወተት ለማግኘት ብዙ ዓመት ደክመዋል፤ በመጨረሻ የኮኮናት ዘይት ያለበት ሆነ። አይሻ ወራት ቆጠረች፤ ወፈረች። ከዚያ ዳፍኒ ለልጃቸው ሠርግ ጥቂት ሳምንት ተለይተዋት ሄዱ። ግልገሏ ከእርሳቸው በቀር ማንንም አታውቅም ነበርና መብላት ተወች፤ ሞተች። ዛሬ በዚያ ድርጅት ተንከባካቢዎቹ ከግልገሎቹ ጋር ጎን ለጎን ያድራሉ፤ ነገር ግን ሌሊት ሌሊት ይፈራረቃሉ። አንድ ግልገል በአንድ ሰው ላይ ብቻ እንድትንጠለጠል አይፈቀድም።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ሳነብ የታየኝ ይኸው ነው። «ሕይወቴን በሙሉ እሰጣለሁ» ብለዋል። አይስጡ! መሥራቹ ሲታመም ቼክ የሚፈርም ሰው የሌለው፣ የለጋሾቹ ስልክ ቁጥር በአንድ ሰው ኪስ ብቻ ያለ ማዕከል እንደ አይሻ ነው። የሠራተኛ ተተኪ ማዘጋጀት፣ ሁለተኛ ፈራሚ ማስመዝገብ፣ በየዓመቱ ኦዲት ማስደረግ፣ ሥራ አስኪያጁን የሚጠይቅ እንጂ የሚያጨበጭብ ያልሆነ ቦርድ መሰብሰብ፦ ለዘጠኝ ዓመት ሲያደርጉት የኖሩት ይህ ነው፤ እንስሶቹንም በሕይወት የሚያቆየው ይህ ነው።

የራስዎን ማዕከል ስለ ማቋቋም፦ አሁን አይደለም። ድርጅት ማስመዝገቡ ራሱ ያን ያህል አይከብድም፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከቀድሞው በብዙ የላላ ነው። ነገር ግን የዱር እንስሳ እንደ በግ ገዝተው የሚያረቡት አይደለም። ያለ ኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድና ስምምነት አንዲት ጦጣ እንኳ ግቢዎ ቢያኖሩ፣ ደግነትዎ እንዳለ ሆኖ፣ ከሚወረስባቸው ሰዎች አንዱ ይሆናሉ። መሬቱም አለ፤ ከአካባቢው አስተዳደርና ከገበሬው ጋር መስማማት አለ። ለእርስዎ ደግሞ አንድ የሚጣፍጥ ጥያቄ ልተውልዎ፦ አዋጁ ለአስተዳደር ወጪ ያስቀመጠው ጣሪያ 20 በመቶ ነው፤ የአጥር ጥገና፣ የሌሊት ጥበቃና ሥጋ የሚያመጣው መኪና ነዳጅ የዓላማ ማስፈጸሚያ ነው ወይስ አስተዳደር? በጀቱን ከመጻፍዎ በፊት እንዴት እንደሚከፋፈል ካልተነጋገሩበት፣ ዓመቱ ሲያልቅ አንበሳው እንደ ቢሮ ዕቃ ተመዝግቦ ያገኙታል።

ዘመዶችዎን በተመለከተ አይከራከሩ። ጥያቄያቸው ነውር የለበትም፤ የሚቀጥሩዎትም ሰዎች ይጠይቁዎታል፤ የማዕከሉ ጎረቤት የሆነው ገበሬማ በየሳምንቱ ይጠይቅዎታል። እኔ ብሆን ስለ ተፈጥሮ ሚዛን አልሰብክም። የኡጋንዳዋ የእንስሳት ሐኪም ግላዲስ ካሌማ-ዚኩሶካ የብዊንዲን ጎሪላዎች የያዛቸው እከክ ከአካባቢው ሰዎች ልብስ ሳይመጣ እንዳልቀረ ስታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የሰውንና የእንስሳን ጤና አንድ ላይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመች። ሰዎቹ ሳይታከሙ ጎሪላዎቹ አይድኑም ነበርና። በእኛም አገር የእብድ ውሻ በሽታ የገበሬውን ልጅና የባሌን ቀይ ቀበሮ እኩል ይገድላል፤ ውሻው ሲከተብ ሁለቱም ይተርፋሉ። ለዘመዶችዎ ይህ ይበቃል፤ ካልበቃቸውም ቡና ያፍሉላቸውና ጨዋታ ይለውጡ።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ሥራዎን አሁን አይልቀቁ። በመጀመሪያ በጥበቃ ሥራ ላይ ወዳሉ ድርጅቶች በራስዎ ሙያ ለመግባት ይሞክሩ፤ ቦርን ፍሪ ብቻ አይደለም፣ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ፤ በባሌ ደግሞ የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበርና የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም አሉ። ሁሉም የፋይናንስ ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ማስታወቂያ ሲወጣ «እንስሳ እወዳለሁ» ብለው አይጻፉ፤ ስንት ኦዲት ያለ ነቀፋ እንዳለፉ ይጻፉ። የማስተርስ ትምህርት ካማረዎ ወንዶ ገነት የዱር እንስሳት ትምህርት አለ፤ እሱን ግን ሥራውን ከቀመሱ በኋላ ይወስኑ። ደመወዙ አሁን ካለዎት እንደሚያንስ አስቀድመው ከባለቤትዎ ጋር ይመካከሩ፤ ልጅ የምታሳድግ ሴት ይህን ከደስታ ማግስት ማወቅ የለባትም።

የማልደራደርበት አንድ ነገር አለ። ቢሮ ብቻ ተቀምጠው አይምሩ። ሁለት ሳምንት በፈቃደኝነት ገብተው ፋንድያ ይጥረጉ፣ ባልዲ ይሸከሙ፣ ከተንከባካቢዎቹ ጋር ምሳ ይብሉ። ከዚያ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይውሰዱ። ሐኪሙ ሳያይ አንድ እንስሳ ምግብ እንደቀነሰ የሚያውቀው ተንከባካቢው ነው፤ እርሱ የማያምንዎት ከሆነ ወሬው ቢሮዎ የሚደርሰው እንስሳው ከሞተ በኋላ ነው። የዓመት ፈቃድዎን ለመጋቢት ይጠይቁ። ወሩ ጾም ነው፤ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት በር ላይ ቆመው የሥጋው መኪና ሲገባ፣ ወይም ሳይገባ ሲቀር፣ በዓይንዎ ያያሉ።