ዌብሳይት ሲወረስ፦ ጥያቄያችሁን አምጡ

ሰላም ለሁላችሁም። መንግሥት፣ በተለይ በቅጂ መብት ጥሰት ሰበብ፣ ዌብሳይት ስለሚወርስበት አሠራር በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛ ሁሉንም እዚህ ልመልስ ብዬ ነው። የዶሜይን ስም፣ ማለትም የዌብሳይት መጠሪያ አድራሻ፣ በሚመዘግብ ድርጅት ውስጥ ለዓመታት የቴክኒክ ሥራ ሠርቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። የፍርድ ቤት መዝገብ ማንበብ ግን እወዳለሁ። የማወራው በዋናነት ስለ አሜሪካ ነው፤ ዶት ኮምና ዶት ኔት የሚተዳደሩት እዚያ ነውና።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። ማስነሳት፣ ማገድና መውረስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማስነሳት አንድ ቪዲዮ ወይም ፋይል እንዲጠፋ ማድረግ ነው። ማገድ ኢንተርኔት አቅራቢው መንገዱን ሲዘጋ ነው። መውረስ መንግሥት ስሙን ራሱን ሲወስድ ነው። እባካችሁ አታደባልቋቸው።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ «ተወርሷል» ሲባል ምኑ ነው የሚወረሰው? ሰርቨሩን ሄደው ይነቅሉታል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩን፣ ሳይቱ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር፣ ማንም አይነካውም። የሚወሰደው ስሙ ነው። የሳይቱን ስም ስትጽፍ ኮምፒውተርህ «ይህ ስም የት ነው የሚገኘው?» ብሎ ይጠይቃል። ለዶት ኮም የመልሱን መዝገብ የሚይዘው ቨርጂኒያ ያለው ቬሪሳይን ነው። የአሜሪካ ዳኛ ትዕዛዝ እዚያ ሲደርስ መልሱ ይቀየራል። በቃ።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ አንድ ደንበኛ ደወለ። «ሳይቴ ጠፋ፣ ምን አደረጋችሁት?» አለኝ። በእኛ ሲስተም ሁሉም ነገር ደህና ነበር። የክፍያው ቀን አላለፈም፣ የይለፍ ቃሉን የነካ የለም። ከዚያ የላይኛውን መዝገብ ከፍቼ አየሁ። የእሱ «ስም ሰርቨሮች»፣ ስሙ የት እንደሚገኝ የሚናገሩት ኮምፒውተሮች፣ የሉም። በቦታቸው «ሲዝድ ሰርቨርስ» የሚል ስም ተቀምጧል፤ የተወረሱ ሰርቨሮች ማለት ነው። ሳይቱን ስከፍት የመንግሥት ማኅተሞች ያሉበት ባነር ብቻ ወጣ። እኛ መዝጋቢዎቹ እንኳ አልተነገረንም ነበር። ሰውዬውን ምን እንደምለው ጠፋኝ። ባነሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ አነበብኩለት።

ሌሊት ወፍ፦ ይሄ ነገር ሕጋዊ ነው?

መልስ፦ የትኛው ነገር? ጥያቄህን አጥርተህ ጠይቅ።

ኮደር፦ ከአሜሪካ ውጭ ባለ ድርጅት ባስመዘግብ እድናለሁ?

መልስ፦ ዶት ኮም ከሆነ አትድንም። በ2012 ቦዶግ ዶት ኮም የተባለ የቁማር ሳይት ተወርሷል። የተመዘገበው ካናዳ ነበር። ትዕዛዙ ካናዳን አልፎ በቀጥታ ወደ ቬሪሳይን ሄደ። ወሳኙ የስምህ መጨረሻ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ጋሼ፣ እኔን የሚከነክነኝ ዳኛው ነው። የሳይቱ ባለቤት ሳይጠራ፣ ሳይጠየቅ እንዴት ትዕዛዝ ይፈርማል? የመሰማት መብት የሚባለው የት ገባ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለዚህኛው ጊዜ ስጡኝ።

ነገሩ የተጀመረው በሰኔ 2010 ነው (ቀኖቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ፖሊስ፣ አይስ የምንለው፣ «ኦፕሬሽን ኢን አወር ሳይትስ» የሚል ዘመቻ ከፈተ። መጀመሪያ ዘጠኝ ዶሜይን ወሰደ። በኅዳር መጨረሻ 82 ወሰደ። አብዛኞቹ አስመስሎ የተሠራ ቦርሳና ጫማ የሚሸጡ ነበሩ። ጥቂቶቹ ግን ስለ ሙዚቃ የሚጽፉ ብሎጎችና መፈለጊያዎች ነበሩ። ሕጉ ደግሞ የ2008ቱ ፕሮ አይፒ ይባላል፤ ለቅጂ መብት ጥሰት የዋለ ንብረት እንዲወረስ ይፈቅዳል።

አሠራሩ ይህ ነው። አንድ መርማሪ ቃለ መሐላ ይጽፋል። ዳኛው ያነባል። በቂ ጥርጣሬ አለ ካለ ይፈርማል። ሌላው ወገን በቦታው የለም። ክሱ ሲመሠረትም በሰው ላይ ሳይሆን በዕቃው ላይ ነው፤ «አሜሪካ በእንዲህ ዓይነት ዶሜይን ላይ» ተብሎ ይከፈታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ባለቤቱ ስላልተከሰሰ የተከሳሽ መብት የለውም።

ለመኪና ወይም ለኮንትሮባንድ ዕቃ ይህ አሠራር ድሮም ነበረ። ዌብሳይት ግን ንግግር ነው፤ ጽሑፍ አለበት፣ የአንባቢ አስተያየት አለበት። በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፎርት ዌይን ቡክስ ጉዳይ ይህን ለመጽሐፍ ወስኖ ጨርሶታል። ለማስረጃ አንድ ቅጂ መጽሐፍ መውሰድ ይቻላል። የመጻሕፍት መደብሩን ክምችት በሙሉ በጥርጣሬ ብቻ ከገበያ ማውጣት ግን አይቻልም፤ መጀመሪያ ሁለቱም ወገን ይሰሙ ነው ያለው። ለመጽሐፍ የሠራ ሕግ ለዌብሳይት የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ዳጃዝ ዋን የተባለውን የሂፕ ሆፕ ብሎግ ተመልከቱ። ከ82ቱ አንዱ ነው። ቃለ መሐላው አራት ዘፈኖችን ጠቀሰ። ባለቤቱ ዘፈኖቹን የላኩለት የሙዚቃ ኩባንያ ሰዎችና አስተዋዋቂዎች መሆናቸውን የሚያሳዩ ኢሜይሎች ለጋዜጠኞች አሳየ። እንዲያስተዋውቅላቸው ነበር የላኩት። ሕጉ እንደሚለው ባለቤቱ ንብረቴ ይመለስ ብሎ ካመለከተ መንግሥት በ90 ቀን ውስጥ ክስ ማቅረብ ወይም መመለስ አለበት። 90 ቀን አለፈ፤ ክስ የለም። ጠበቃው ሲጠይቅ «ፍርድ ቤቱ ቀን አራዝሟል» ተባለ። ትዕዛዙን አሳዩኝ ሲል «የታሸገ ነው» አሉት። ማራዘሚያው ሦስት ጊዜ በዝግ ተሰጠ። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ በታኅሣሥ 2011 ስሙ ያለ ምንም ክስ ተመለሰ። በ2012 ሰነዱ ሲከፈት መርማሪዎቹ ከሙዚቃ ኩባንያዎቹ ማኅበር ማስረጃ ሲጠብቁ እንደነበር ታወቀ። መጀመሪያ ወስደው፣ ከዚያ ማስረጃ ፍለጋ!

ይህን ሳነብ ያ ሌሊት የደወለልኝ ሰው ትዝ ይለኛል። ብሎግ ለአንድ ዓመት ከጠፋ አንባቢው ወዴት ይቆይልሃል? ከዚያ በኋላ ስሙን መመለስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ድምጻዊቷ፦ ሁላችሁም ስለ ሳይት ባለቤት ነው የምታለቅሱት። እኔ ዘፈን አወጣለሁ። በወጣ በማግስቱ አሥር ሳይት ላይ በነፃ አገኘዋለሁ። አንዱን ሳስነሳ ሌላው ይከፈታል። የእኔን መብት ማን ይስማልኝ?

ኮደር፦ እህቴ፣ ያ የድሮ ገበያ ነው። ዘፈን በነፃ ሲዞር ነው ሰው የሚያውቅሽ።

ድምጻዊቷ፦ ለስቱዲዮ የምከፍለውን አንተ ትከፍልልኛለህ? «ታወቂ» ብለህ የእኔን ሥራ አንተ አትሰጥም። መስጠት ካለብኝ የምሰጠው እኔ ነኝ።

ኮደር፦ ኮፒ ማድረግ ስርቆት አይደለም። ዋናው አንቺ ጋ አለ።

ሌሊት ወፍ፦ ልክ ነው፣ ስርቆት አይደለም።

ድምጻዊቷ፦ ስሙን እንደፈለጋችሁ ጥሩት። ገንዘቡ እኔ ጋ አልደረሰም።

መልስ፦ ኮደር፣ እዚህ ላይ ተሳስተሃል። እሷ ያለችው እውነት ነው። ሥራዋ ሲወሰድ የሚጎዳው እሷን ነው። እኔ ጥሰት ይፈቀድ አላልኩም፤ ከመቅጣት በፊት ይሰማ ነው ያልኩት። ለአንቺ ደግሞ፣ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ከሰኔ 2022 ጀምሮ አነስተኛ አቤቱታ የሚያይ ቦርድ አለው። እስከ 30,000 ዶላር ይወስናል፤ ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም። ድክመቱ፣ የተከሰሰው ሰው በ60 ቀን ውስጥ አልፈልግም ብሎ መውጣት ይችላል። በመደበኛው ፍርድ ቤት ግን ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 150,000 ዶላር ይወሰናል፤ ሥራሽን በጊዜ ካስመዘገብሽ። ስለዚህ አስመዝግቢ። እነዚህ ሁሉ ሌላውን ወገን ሰምተው የሚወስኑ መንገዶች ናቸው።

ድምጻዊቷ፦ የሳይቱን ባለቤት ስሙንም አገሩንም ካላወቅኩት ማንን ነው የምከሰው?

መልስ፦ ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አልክደውም። ውርስ የመጣውም በዚህ ሰበብ ነው። ነገር ግን ዳጃዝ ዋን ተደብቆ አልነበረም። ጠበቃ ይዞ በር እያንኳኳ ነበር። የሚታወቀውንም የማይታወቀውንም በአንድ ዓይነት አሠራር ማየት ነው የማልቀበለው።

ገለልተኛ፦ ጋሼ፣ የማን ሰርቨር ነው የሚወሰደው? ሄደው ይነቅሉታል?

መልስ፦ መጀመሪያው ጥያቄ ላይ መልሻለሁ። እባካችሁ ከላይ አንብባችሁ ጠይቁ።

ፀሐይ፦ እኔ የሠራሁት ቪዲዮ በቅጂ መብት አቤቱታ ተነሣብኝ። ሳይቴ ተወርሷል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ያንቺው ማስነሳት ነው፤ አታደባልቂው። ዲኤምሲኤ የሚባለው የ1998ቱ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ነው የሚገዛው። የተቃውሞ ማመልከቻ ማስገባት ትችያለሽ። አቤት ባዩ ካልከሰሰሽ ቪዲዮው ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ባለው ጊዜ መመለስ አለበት። ነገር ግን ስትፈርሚ በሐሰት ብትገኚ በወንጀል እጠየቃለሁ ብለሽ ነው። ስምና አድራሻሽም ለአቤት ባዩ ይደርሳል። እርግጠኛ ሳትሆኚ አትፈርሚ።

ሌሊት ወፍ፦ ኳስ በነፃ የሚታይበት የማይዘጋ ሳይት ንገረን።

መልስ፦ አልነግርህም። ቀጣይ።

ፊደል ቆጣሪ፦ ኳስ ከተነሣ ሮሃዲሬክታስ? ስፔን ውስጥ ሕጋዊ ነው ተብሎ አልነበር?

መልስ፦ አዎ፤ ያኔ የስፔን ፍርድ ቤቶች ሁለት ጊዜ ነፃ ብለውት ነበር። ሳይቱ የጨዋታ ሊንክ ነበር የሚያስቀምጠው። እንዲያም ሆኖ በ2011 መጀመሪያ ላይ የዶት ኮምና የዶት ኦርግ ስሙ አሜሪካ ውስጥ ተወረሰ። ኩባንያው ጠበቃ ይዞ ክርክሩ እስኪያልቅ ስሜ ይመለስልኝ አለ። ዳኛው በዚያው ዓመት ነሐሴ እምቢ አሉ። ሳይቱን በሌላ ስም መክፈት ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ከባድ ጉዳት የለም ነው ያሉት። ይህን አባባል አስቡት። ጋዜጣህን በሌላ ስም ማተም ትችላለህ፣ ስለዚህ አልተጎዳህም እንደማለት ነው። በነሐሴ 2012 መንግሥት ራሱ ጉዳዩን ትቶ ስሞቹን መለሰ። 19 ወር ገደማ ማለት ነው።

አዲስ ገቢ፦ በስህተት የተወሰደ ሳይትስ አለ?

መልስ፦ አለ። የካቲት 2011፣ ሙ ዶት ኮም (mooo.com)። ጉዳዩ የቅጂ መብት አልነበረም፤ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ፍለጋ ነበር። ከሥሩ ወደ 84,000 የሚጠጉ ትንንሽ ሳይቶች ነበሩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ የሕፃናት የወሲብ ምስል አዘዋዋሪ የሚል ባነር ተለጠፈባቸው። ስሙ በቀናት ውስጥ ተመለሰ። የቤተሰቡን ፎቶ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ዘመዱ ያንን ባነር አይቶበታል። እንዲህ ያለውን ስም በምን ታጥበዋለህ?

ገለልተኛ፦ ሶፓ የሚባለውስ ሕግ ጸድቋል?

መልስ፦ አልጸደቀም። የቅጂ መብት ይጥሳሉ የሚባሉ የውጭ ሳይቶችን ለመዝጋት አሜሪካ ውስጥ የቀረበ ረቂቅ ነበር። ጥር 18 ቀን 2012 እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ለአንድ ቀን ተዘጋ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ረቂቁ ቆመ። ውርሱ ግን ያለ ሶፓም ይሠራል። ብዙ ሰው ሶፓ ሲወድቅ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር።

ኮደር፦ አውሮፓስ?

መልስ፦ እኔ የማውቀው የአሜሪካን ነው። እዚያ የሚበዛው ማገድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 የታገደበት ተጠቃሚ ፍርድ ቤት ሄዶ የመከራከር ዕድል ሊኖረው ይገባል ብሏል። ጣሊያን ግን ከ2024 ጀምሮ በ30 ደቂቃ ውስጥ አግዱ የሚል ሥርዓት አላት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የጉግል ድራይቭ አድራሻ አብሮ ታገደ። በ30 ደቂቃ ማን ማንን ይሰማል?

ፀሐይ፦ ሜጋአፕሎድ ላይ የራሴ ፋይሎች ነበሩ። ከ2012 ጀምሮ አላየኋቸውም። እንደኔ ያለ ሰው ምን ይባላል?

መልስ፦ አዝናለሁ። ሰው ፋይሉን ያስቀምጥበት የነበረው ሜጋአፕሎድ ጉዳዩ ከስም ውርስ ያለፈ ነው፤ የወንጀል ክስ አለው፣ ሰርቨሮቹም ከመስመር ወጥተዋል። እንዳንቺ ያለ አንድ ሰው፣ የተማሪዎች ስፖርት ጨዋታ እየቀረጸ የሚኖር፣ የራሱን ቪዲዮ መልሱልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር። የቤቱ ሃርድ ዲስክ ተበላሽቶበት ያለው ቅጂ እዚያ ብቻ ነበር። መንግሥት የምፈልገውን ኮፒ አድርጌ ጨርሻለሁ፣ ሰርቨሩ በእጄ የለም አለ። ማንንም ያልበደለ ሰው ነው። በዚህ ሁሉ መዝገብ ውስጥ እንደሱ ላለ ሰው የተመደበ ወንበር የለም። ፋይላችሁን በሁለት ቦታ አስቀምጡ የምለው ለዚህ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ በመጨረሻ፣ ዶሜይኔ ቢወረስ በመጀመሪያ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደብዳቤ ይመጣልሃል። እስከመቼ ማመልከት እንዳለብህ ቀኑ ተጽፎበታል፤ ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ከ35 ቀን ያላነሰ ነው። የሚቆጠረው ከተላከበት እንጂ አንተ ከከፈትክበት አይደለም። ፖስታውንም አትጣል። በዚያው ቀን ጠበቃ ፈልግ። ለእኔ አትጻፍልኝ፤ እኔ ጠበቃ አይደለሁም።