የዌናቺው ቢጫ አበባ ጓሯችን ውስጥ ለምን ደረቀ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲያትል ነው። በግንቦት እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ወዳለችው ዌናቺ ከተማ ስንሄድ ድንጋያማው ኮረብታ በቢጫ አበባ ተሸፍኖ አየን። አደይ መስሎን፣ ከወዳጃችን መሬት አንዱን ነቅለን ጓሯችን ተከልነው። በአሥር ቀን ደረቀ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ያያችሁት አሮውሊፍ ባልሳምሩት ነው። ከአደይ፣ ከኑግና ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ቢሆንም፣ አደይ በየዓመቱ ከዘር ሲበቅል ይኼኛው ከአንድ ሥር ለአሥርት ዓመታት ያብባል። መለያው ቅጠሉ ነው፦ እንደ ቀስት ጫፍ የሾለ፣ እስከ 30 ሳ.ሜ. የሚረዝም፣ ብርማ ጸጉር ያለበት፣ ሲዳስሱት የሚለሰልስ።

የደረቀው ውኃ ስላላጠጣችሁት አይደለም። ዋናው ሥር በአለቱ ስንጥቅ ከ2 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በአካፋ የሚወጣው አናቱ ብቻ ነው፣ ውኃ የሚስበው ክፍል ተበጥሶ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ያደገውን ማዛወር አይሞከር። ፓርክ ውስጥማ መንቀል ክልክል ነው።

ከዘር ጀምሩ። ዘሩ ረጅም ብርድ ካላገኘ አይነቃም። በጥቅምት ወይም በኅዳር 1 ሳ.ሜ. ያህል አፈር አልብሳችሁ ውጭ ዝሩት፤ አለዚያ በእርጥብ አሸዋ ለውሳችሁ፣ በላስቲክ ቋጥራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ወር አቆዩት፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይደለም። ከሁለት ወር በኋላ በየሳምንቱ ከፍታችሁ እዩ፤ እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ነጭ ሥር ማውጣት ይጀምራልና። ያወጣውን ሳታዘገዩ፣ ሥሩ ሳይሰበር፣ ቢያንስ 30 ሳ.ሜ. ጥልቀት ባለው ዕቃ ትከሉ። አፈሩ ግማሹ ሻካራ አሸዋና ጠጠር ይሁን።

የሲያትል የቀዝቃዛው ወራት ዝናብ ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ መደቡን 40 ሳ.ሜ. ያህል በጠጠር ከፍ አድርጉና ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝበትን ቦታ ምረጡ። ማዳበሪያ አያስፈልገውም። ለጋውን ቀንድ አውጣ ይጨርሰዋል፣ ማታ ማታ እየዞራችሁ ልቀሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በሙቀቱ ወራት አጋማሽ፣ በሐምሌ ገደማ፣ ቅጠሉ ደርቆ ይጠፋል። ሞተ ብላችሁ እንዳትነቅሉት፣ ውኃም አትጨምሩበት፤ ሥሩ ተኝቶ ነው፣ በጸደይ ይመለሳል። አበባውን ለማየት ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ አለ።

ጥያቄ፦ ይበላል ሲባል ሰማን፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ለጋውን አገዳ ልጠው፣ ዘሩን ቆልተውና ፈጭተው፣ ሥሩን ለረጅም ሰዓት አብስለው ይበሉታል። ሥሩን መቆፈር ግን ተክሉን መግደል ነው፤ በእናንተ ጓሮ በሰኔና በሐምሌ የሚደርሰውን ዘር መልቀሙ ይበቃል።