«ልጄ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ስለ ቤተሰብ የእግር ጉዞ ጥያቄና መልስ

የስፖርት መምህር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቦችን ከነልጆቻቸው ሰብስቤ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ወደ ጫካና ወደ ተራራ እወጣለሁ። ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቼ እጄን ይጎትታሉ። ሐኪም አይደለሁም፤ የማውቀው መንገዱን ነው። ዛሬ ማታ ቤት ነኝና ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቀጥታ ልጠይቅዎ። የ5 ዓመት ልጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? (የአንድ ልጅ እናት፣ ሳር ቤት)

መልስ፦ ሜዳ ከሆነ፣ ጥላ ካለና የሚያጣድፈው ሰው ከሌለ ከ3 እስከ 4። የሌላውንም ዕድሜ ቁጥር ካልሰጠሁ እንደማትለቁኝ አውቃለሁ፤ እንግዲህ በዓይኔ ያየሁት ይህን ይመስላል፦ የ3 ዓመት ልጅ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ቢበዛ ሁለት። የ6 እና የ7 ዓመት 5 ወይም 6። ከ8 እስከ 10 ዓመት ያለው 8፣ ከለመደ 10። ከዚያ በላይ ያለው እናንተን ያደክማል።

አደራ፣ ቁጥሩ የደርሶ መልስ ነው! ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መሄጃውን ብቻ ይቆጥርና ልጁ በቃኝ ሲል ይመለሳል። ያኔ ግማሹ መንገድ ገና ቀርቷል፣ ልጁም አባቱ ትከሻ ላይ እሽኮኮ ይወጣል። መመለስ ያለባችሁ ልጁ ገና እየሮጠ ሳለ ነው። «እንሂድ እንጂ!» ብሎ ሲያኮርፍ ተመለሱ፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ራሱ ይቀሰቅሳችኋል።

እኔ ራሴ ኪሎ ሜትር መቁጠር ትቼ በሰዓት ነው የማስበው። ናይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቆየ ስሌት አለ፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በተጨማሪ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት። ይህ ለጠንካራ አዋቂ ነው። ትንንሽ ልጆች ካሉ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ከሄድኩ ቀኑ ተሳክቶልኛል። የጉንዳን ሰልፍ አለ፣ ኪስ የሚገባ ድንጋይ አለ፣ የሚዘለል ቦይ አለ። ለትልቅ ሰው ይህ መዘግየት ነው፤ ለልጁ ግን ጉዞው ራሱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ልጅ 10 ደቂቃ ሳይሄድ «ደከመኝ» ይላል። ኳስ ሲያገኝ ግን ሁለት ሰዓት ይሮጣል። እያታለለኝ ነው? (አባት፣ የ7 ዓመት ልጅ)

መልስ፦ አያታልልህም። «ደከመኝ» በልጅ አፍ ሰለቸኝም፣ ራበኝም፣ ሽንቴ መጣም ማለት ነው። እውነት የደከመው ልጅ ብዙ ጊዜ አይናገርም። ዝም ይላል፤ ሜዳ ላይ ይደናቀፋል፤ በማያስለቅስ ነገር ያለቅሳል። እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነው።

አንተ መጀመሪያ አፉን ያዝለት። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ማለዳ የተበጠበጠ በሶ ይሁን። ልጅ ሲራመድ በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ መብላት አለበት፤ እስከ ምሳ ድረስ ስታስጠብቀው ነው የሚወድቅብህ። ቀጥሎ ሥራ ስጠው፦ መሪ አድርገው፣ ዱላ አስይዘው፣ «ጉሬዛ መጀመሪያ ያየ ያሸንፋል» በለው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ መናገሻ ሱባ ጫካ አንዲት የ6 ዓመት ልጅ ከወላጆቿ ጋር ብቻ መጥታ ገና ከመኪናው ማቆሚያ ሳንርቅ ተቀመጠች። ተለመነች፣ ተቆጧት፣ ወይ ፍንክች። በሳምንቱ የጎረቤታቸውን ልጅ ይዘው መጡ። ሁለቱ እየተሯሯጡ ሄደው ያንኑ መንገድ እስከ መጨረሻው ጨረሱት፤ እናትየው ኋላ ቀረች። እግሩ ያው እግር ነው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ መሞላቀቅ ነው። እኛ በባዶ እግራችን ስንት ሰዓት ተጉዘን ነው የተማርነው። ኃይሌን ማን እሽኮኮ አለው? (የድሮ ተማሪዎ)

መልስ፦ ተማሪዬ ከሆንክ አርፍደህ ትመጣ ከነበሩት አንዱ ሳትሆን አትቀርም። እውነት ነው፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አጠገብ ካለው ቤታቸው ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ እንደነበር፣ ደብተር ስለሚይዝም ሲሮጥ ግራ ክንዱ እንደታጠፈ መቅረቱን የማያውቅ የለም። እኔም የገጠር ልጅ ነኝ።

ነገር ግን እኛ በአንድ እሁድ ድንገት ተነሥተን 10 ኪሎ ሜትር አልሄድንም። ከብት ስንከተል፣ ውኃ ስንቀዳ፣ ዘመድ ቤት ስንላክ እግራችን በየቀኑ ጠና። የዛሬው የከተማ ልጅ ከቤቱ በር በሰርቪስ ይወሰዳል፣ በሰርቪስ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ደህና አድርጎ ያንቀሳቅስ ይላል፤ የስንቶቻችን ልጅ ያን ያገኛል? ስለዚህ ከሁለት ኪሎ ሜትር ጀምሩና በየሳምንቱ ትንሽ ጨምሩ። ያን ሩቅ መንገድ ያልቻሉት ጓደኞቻችን ደግሞ ትምህርታቸውን አቋርጠው ቀሩ፤ ዛሬ እዚህ መጥተው «እኛ ግን» አይሉም።

ባዶ እግሩንም አታወድስብኝ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ነው ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት የሚያመጣው። ጫማ፣ ካልሲም ጨምር።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። መስከረም ላይ የ8 እና የ11 ዓመት ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ። እዚህ በፖቶማክ ቦይ ዳር 8 ኪሎ ሜትር ያለ ችግር ይሄዳሉ። በደረስን በማግሥቱ እንጦጦ፣ በሦስተኛው ቀን ስሜን ብለን አቅደናል።

መልስ፦ እህቴ፣ ዕቅዱን ቀደድ አድርጊው። የቦዩ ዳር መንገድ ድሮ በቅሎ ጀልባ እየጎተተ የሚሄድበት ስለነበር ጠረጴዛ ነው፤ ደግሞም ከባሕር ጠለል ብዙ ከፍ አይልም። አዲስ አበባ ስታርፉ ከ2300 ሜትር በላይ ናችሁ። እንጦጦ ስትወጡ 3000 ታልፋላችሁ፤ እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ከሚገኘው 70 በመቶ ያህል ነው። ልጆቹ ከአውሮፕላን ወርደው፣ እንቅልፋቸው ተዛብቶ፣ በሳሳ አየር ሽቅብ ሲወጡ ቢነጫነጩ ሰንፈው አይደለም።

ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ቆዩ። አክስት ቤት መብላትም ራሱ ጉዞ ነው። ከዚያ እንጦጦ ፓርክ ግማሽ ቀን፦ ላይ ድረስ በመኪና ውጡና እግራችሁን እዚያ ጥላው ውስጥ ተጠቀሙበት። ለልጆቹ 4 ኪሎ ሜትር ይበቃቸዋል። የማርያምን ቤተ ክርስቲያንና የምኒልክን ቤተ መንግሥት አሳዩአቸው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ሲያዩ «ደከመኝ» ማለታቸውን ትንሽ ይቀንሳሉ።

ለስሜን ከሆነ መግቢያው ላይ ባለችው ደባርቅ ከተማ ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ። ፓርኩ ውስጥ ያለው የሳንቃበር ካምፕ 3250 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሰዓት ከጭላዳ መንጋ ጋር መዋል ለልጅ ከበቂ በላይ ነው። ጭላዳ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ያየ ልጅ ኪሎ ሜትሩን አይጠይቅም። ሌላው ካምፕ ጨነቅ ወደ 3600 ይጠጋል፤ የ11 ዓመቱ ደህና ካደረ ብቻ ሞክሩት። ራስ ዳሸንን ለሌላ ዘመን ተዉት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት ካያችሁ ከዚያ በላይ አንድ ርምጃ አትውጡ፤ ካልተሻለው ወደ ታች ውረዱ። «እንለምደዋለን» አይሠራም። ፀሐዩም ይጠብሳልና ባርኔጣ አትርሱ።

ጥያቄ፦ የጥቅምት 5 የዝቋላ አቦን በዓል ከ6 ዓመት የልጅ ልጄ ጋር በእግሬ ልወጣ ተስያለሁ። ይችላል? (አያት፣ ቢሾፍቱ)

መልስ፦ እትዬ፣ ስለቱን ያድርስልዎ። ዝቋላ ጫፉ 2989 ሜትር ነው፤ ከግርጌው ሜዳ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በዚያ በስኮትላንዱ ስሌት ሽቅቡ ብቻውን ለጠንካራ ጎልማሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይጨምራል፤ ለልጁ እጥፍ ይያዙለት። የበዓል ሕዝብና አቧራ ሲጨመርበት ለ6 ዓመት ልጅ ሙሉ መንገዱ ይከብዳል። መኪና የሚወጣበት መንገድ ስላለ አብዛኛውን በመኪና ይውጡና የመጨረሻውን ክፍል እጁን ይዘው ያስጨርሱት። ስለቱ የእርስዎ ነው፤ የልጁ እግር አልተሳለም።

ጥያቄ፦ ለ2 ዓመት ልጅ ጋሪ ይሻላል ወይስ ማዘል?

መልስ፦ አስፋልት ላይ ጋሪ፣ ጫካ ውስጥ አንቀልባ። በየመሀሉ አውርዱት፣ ትንሽ ይራመድ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከጉዞ በኋላ ማታ እግሬን አመመኝ ብላ ታለቅሳለች፣ ጠዋት ግን ምንም የለም። አሳመምኳት ይሆን?

መልስ፦ ሁለቱም እግሯ ከሆነና ጠዋት እየዘለለች ከተነሣች በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ በሞቀ እጅ እሺላት። አንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ ካነከሰች፣ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ሐኪም ቤት ውሰጃት፤ እኔን አትጠይቂኝ።

ጥያቄ፦ የራሳቸውን ዕቃ ይሸከሙ?

መልስ፦ ይሸከሙ፤ ከክብደታቸው አንድ አሥረኛ አይለፍ። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 2 ኪሎ፣ ማለትም ውኃው፣ ሹራቡና አንድ ዳቦ። ሁለተኛውን ዳቦ አባት ይያዝ።

ጥያቄ፦ ሰላም። 7 ዓመቴ ነው፣ በእማዬ ስልክ ነው የምጽፈው። ትልልቅ ሰዎች ሳንደርስ ለምን ደርሰናል ይላሉ?

መልስ፦ መንገድ ላይ እንዳትቀመጥ ፈርተው ነው። ከእንግዲህ «ደርሰናል» ሲሉህ «የት ጋ? በጣታችሁ አሳዩኝ» በላቸው። ያ ዛፍ፣ ያ ቆርቆሮ ቤት ብለው ካሳዩህ እስከዚያ ሂድ። የሚያሳዩህ ነገር ካጡ ቁጭ በልና ቆሎ ጠይቃቸው።