«ደመ ነፍስ ነው» ለምትሉ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ «እንስሳት የሚያደርጉትን የሚያደርጉት በደመ ነፍስ ነው ወይስ ተምረው?» ብላ ጻፈችልኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

በወጣትነቴ እንቁላል የታቀፉ ዝይዎችን እንድከታተል ተመድቤ ነበር። አንድ እንቁላል ከጎጆዋ ወጣ አድርገን ስናስቀምጥባት ዝይዋ አንገቷን ትዘረጋለች። ምንቃሯን ከእንቁላሉ ወዲያ ታሳልፍና እያንከባለለች ወደ ራሷ ትስበዋለች። ወደ ጎን ሲያመልጣት ምንቃሯን ግራ ቀኝ እያለች ትመልሰዋለች። አንድ ቀን መሃል ላይ እንቁላሉን ቀማናት። አላቆመችም። ባዶውን አየር እስከ ጎጆዋ ጎትታ አደረሰች። ግራ ቀኝ ማለቱ ብቻ ቀረ።

ሳቅን። አለቃችን «ደመ ነፍስ ነው፣ በቃ» አለ፤ ነገሩ ተዘጋ። እኔን የሚቆጨኝ ግን አጠገቧ የነበረችው ዝይ ናት። ከዚያ በፊት እንቁላል ጥላ አታውቅም። እሷስ እንቁላል ማንከባለሉን ገና በመጀመሪያው ታውቅበት ይሆን? ልሞክር ብዬ ጠየቅሁ፤ አልተፈቀደልኝም። ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፣ እኛም ተበተንን።

ይህን ባህሪ የእንስሳት ባህሪ አጥኚዎቹ ኮንራድ ሎሬንዝና ኒኮ ቲንበርገን በ1938 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። ቲንበርገን በ1963 ደግሞ አንድን ባህሪ በአራት በኩል ጠይቁት አለ። አሁን ምን ቀሰቀሰው? በእንስሳው ዕድሜ እንዴት ዳበረ? ለመኖርና ለመራባት ምን ጠቀመ? በዝግመተ ለውጥ ከምን ተነሣ? «ደመ ነፍስ» ለአንዱም መልስ አይሆንም። እንቁላሏን የምትመልስ ዝይ ብዙ ጫጩት ታተርፋለች፤ ይህ ጥቅሙን ይነግረናል። አንገቷን ምን እንዳንቀሳቀሰው ግን አይነግረንም።

ይኸው ቲንበርገን በአንዲት ተርብ ጉድጓድ ዙሪያ የጥድ ፍሬዎች ደረደረ። ለአደን ስትሄድ ፍሬዎቹን ወደ ጎን አዛወራቸው። ተመልሳ ጉድጓዷን ትታ የፍሬዎቹን መሃል ፈለገች። ያቺ ኢምንት ነፍሳት ምልክት አጥንታ ነበር! ተርብ ተማረች፣ ዝይ አየር ጎተተች። ታዲያ «ይሄ ወይስ ያ» የሚለው ጥያቄ የት ያደርሳል?

የዛሬ ልጆች ደግሞ ትቸኩላላችሁ። አጭር ቪዲዮ አይታችሁ «ውሻው ቅናት ያዘው» ትላላችሁ። ስልኩን አስቀምጡና ቁጭ ብላችሁ እዩ። እውነቱን ለመናገር ግን ያኔ ስልክ ቢኖረኝ ያንን አንገት በዝግታ እየመለስኩ አየው ነበር።

ማስታወሻችሁ ላይ «አንገቷን ዘረጋች» ብላችሁ ጻፉ። «ለልጇ ሳሳች» የሚለው ሌላ ገጽ ላይ ይሁን። አትሰርዙት ግን፤ አንዳንዴ ጥሩ ጥያቄ የሚወጣው ከዚያኛው ገጽ ነው።