አዲስ አበባ ውስጥ የት ልብላ፣ ማኪያቶስ የት ልጠጣ ላልሽው

እህቴ፣ ከጅማ ለሥራ መጥተሽ መገናኛ አካባቢ ቢሮ እንደ ገባሽ ጽፈሻል። የጠየቅሽው ሦስት ነገር ነው፦ ቁርስና ምሳ ኪሴን ሳይጎዳ የት ልብላ፣ ጥሩ ማኪያቶ የት ይገኛል፣ ብቻዬን ተቀምጬ ሰው ሳያፈጥብኝ መጽሐፍ የማነብበት ቤትስ አለ ወይ? እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች የቤት ስም ደርድረውልሻል። ከደረደሯቸው ውስጥ ግን አንዳንዶቹን ዛሬ ብትፈልጊያቸው የምታገኚው የእግረኛ መንገድና አዲስ የተተከለ ሣር ነው።

እኔ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ፕሪንተር እጠግናለሁ። ላለፉት 19 ዓመታት ምሳዬን ቤቴ የበላሁት እሑድ እሑድ ብቻ ነው ብል አላጋነንሁም። ሥራው ጠዋት ሳሪስ፣ ቀትር ላይ አራት ኪሎ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ አያት ያደርሰኛል፤ ሆዴም አብሮኝ ይዞራል። ከዚህ ሁሉ መዞር የተረዳሁት፣ እዚህ ከተማ መጀመሪያ የሚመረጠው ሰዓቱ፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ ቤቱ መጨረሻ መሆኑን ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያመሰገንሽው ቤት 8 ሰዓት ላይ ሊያስለቅስሽ ይችላል።

ስለ ድሮ ዝርዝሮች ልጨርስ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. በብዛት ፈረሰ፤ ካዛንቺስ በ2017 ተከተለ። እነዚህ ሁለት ሰፈሮች ሲነሡ የተነሣው ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ ፉል ቤቱ፣ ሽሮ ቤቱ፣ ኬክ ቤቱ፣ በአጥር ሥር ጀበና ይዛ የምትቀመጠው ልጅ ሁሉ ተበትኗል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተጻፈ ምክር ስታነቢ ቤቱ አሁን ያለበትን ቦታ ደውለሽ ሳታረጋግጪ ታክሲ አትሳፈሪ።

ቁርስ ቀላሉ ነው። እንቁላል ፍርፍርና ጨጨብሳ በየትኛውም ካፌ ታገኛለሽ፤ አብዛኛው ቤት እኩል ይሠራዋል፤ ብዙ አትጨነቂ። ፉል ግን ሰዓት ያውቃል። ባቄላው ሌሊቱን ሙሉ ሲቀቀል አድሮ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሲወጣ፣ አስተናጋጁ በጎድጓዳ ሳህን ይዞልሽ ይመጣል፤ ከላይ ዘይቱ ያብለጨልጫል፣ የተከተፈው ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት ገና ውሃውን አልጣለም፣ ቃሪያው ጎን ላይ ነው። ዳቦውን ቆርሰሽ ከዳር ጀምሪ እንጂ መሐሉን አትንኪ፤ መሐሉ ያቃጥላል። 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚቀርበው ያው ፉል ውሃ እየተጨመረበት የቆየ ነው፤ ተዪው። መርካቶ ጉዳይ ካለሽ በጠዋት ሂጂና እዚያው ብዪ፤ ፈጢራውም እዚያ ይሻላል፤ ያዘዘው ሰው ብዙ ስለሆነ ምጣዱ አይበርድም።

ወደ ማኪያቶው ልግባ። ከቡና አገር ለመጣ ሰው ስለ ቡና ማውራት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ማኪያቶ የቡና ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የማሽንና የወተት ጉዳይ ነው፤ ስለ ማሽን ደግሞ ትንሽ እናገራለሁ። በሩ እንደ ተከፈተ የሚወጣው የመጀመሪያው ማኪያቶ ጥሩ ሆኖ አያውቅም፤ ማሽኑ ገና አልሞቀም። ግማሽ ሰዓት ታገሺው። ስታዝዢ «ጠቆር ያለ» ወይም «ነጣ ያለ» በዪ፤ ዝም ካልሽ ልጁ ለራሱ የሚጥመውን ነው የሚሠራልሽ። በጾም ወቅት በአኩሪ አተር ወተት የሚሠራ የጾም ማኪያቶ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ እኔ አልወደውም፤ ባለቤቴ ደግሞ ከወተቱ አስበልጣ ትወደዋለች።

መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር የሌለው ካፌ ማኪያቶ የለውም፤ ማሽኑ ቆመ ማለት ነው። ያን ጊዜ ከሕንፃው ውጪና ከደረጃው ሥር ወይም ከጥበቃው ቤት አጠገብ ተመልከቺ። ከሰል ላይ ጀበና የጣደች ልጅ አትጠፋም፤ ሣር ጎዝጉዛ፣ እጣን አጭሳ፣ ሲኒዋን ደርድራ ተቀምጣለች። መብራት ኃይል አይመለከታትም። የምትፈልጊውን ስኳር ራስሽ ንገሪያት፤ ካልነገርሻት የሲኒውን ሲሶ በስኳር ትሞላዋለች።

ቶሞካን ሁሉም ጠርቶልሻል፤ እኔም አልቃወምም። ፒያሳ ያለው የመጀመሪያው ቤት እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና እየቆላ ይሸጣል። ስሙ «ቶሬፋዚዮኔ ሞደርና ካፌ» ከሚለው ጣልያንኛ የተቆረጠ ነው፤ ዘመናዊ ቡና መቁያ እንደ ማለት። ነገር ግን እዚያ ቡናው የሚጠጣው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ፣ በቁም ነው። በአምስት ደቂቃ ጠጥተሽ፣ የተፈጨ ቡናሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። ስለዚህ መጽሐፍሽን ይዘሽ አትሂጂ።

ለመጽሐፉ እንደ ካልዲስ ያሉ ሰፋፊ ካፌዎች ይሻሉሻል፤ ዋጋቸው ከሰፈር ካፌ ይወደዳል፤ የምትከፍዪው ግን ለወንበሩም ጭምር ነው። (ስሙን ከካፋው የፍየል እረኛ ከካልዲ እንደ ወሰደ ለጅማ ልጅ መንገር አያስፈልገኝም።) ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ጉዳይ እኔ በደንብ የምመልሰው ስላልሆነ እህቴን ጠየቅኋት። እንዲህ አለችኝ፦ ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ደግሞ ከ9 እስከ 10 ሰዓት ተኩል ማንም ማንንም አያይም፤ በረንዳ ላይ ሳይሆን ውስጥ፣ ከገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ለፊት ያለውን ጠረጴዛ ያዢ። 11 ሰዓት ካለፈ ግን ከሥራ የወጣው ሰው ሁሉ ይገባል፤ «ይህ ወንበር ሰው አለው?» እያለ አጠገብሽ የሚቀመጠው ይበዛል።

ምሳ ላይ ነው ትልቁ ስሕተት የሚሠራው። የከተማው ቢሮ ሁሉ 6 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ላይ ይፈስሳል። ከአለቃሽ ጋር ተስማምተሽ ከ6 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብለሽ ከገባሽ እንጀራው ገና ለስላሳ፣ ወጡም ያልተሟጠጠ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ አስተናጋጇም ትስቅልሻለች። 7 ሰዓት ላይ ከገባሽ የምትበዪው ከሌላው ሰው የተረፈውን ነው።

ቀኑም ይታይ። ጾመኛ ሁኚም አትሁኚም በያይነትን ረቡዕና ዓርብ ብዪው፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55ቱንም ቀን። ምስሩም ጎመኑም ክኩም በየድስቱ እያለቀ በአዲስ ስለሚተካ ያደረ አይደርስሽም። በፍስክ ቀን የሚቀርበው በያይነት ብዙ ጊዜ የማያዝዘው ሰው ስለሚበዛ ደርቆ ይቆያል። ጣይቱ ሆቴል ለዓመታት ቀትር ላይ የጾም ምግብ ደርድሮ በማቅረብ የታወቀ ቤት ነው፤ በ2007 ዓ.ም. እሳት ከደረሰበት በኋላም ሰው አልተወውም። የእንጨት ወለሉ ሲንጫጫ እየሰማሽ መብላት ከምግቡ እኩል ይጥማል። ለቅዳሜ አስቀምጪው እንጂ ከመገናኛ ለምሳ ሰዓት አይሆንም።

ሥጋ ካማረሽ ደግሞ ሥጋ ቤቶቹ የሚደምቁት ቅዳሜና እሑድ ነው። ረቡዕ ቀን ሥጋ ከፈለግሽ ቦሌ ሚካኤል ወዳሉት የሶማሌ ምግብ ቤቶች ሂጂ፤ እዚያ የረቡዕ ጉዳይ የለም። መጀመሪያ ሳታዝዢው ትኩስ መረቅ ከሎሚ ጋር ይመጣልሻል። ከዚያ ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ጎኑ ላይ ያልተላጠ ሙዝ። ሙዙ ለኋላ አይደለም፤ ላጥ አድርገሽ ከሩዙ ጋር እየቆረስሽ የሚበላ ነው። መጀመሪያ ቀን ሳቅሁ፤ አሁን ሙዝ ከሌለ ሩዝ አልበላም። አንድ ሳህን ለሁለት ይበቃል፤ ከሥራ ባልደረባሽ ጋር ሂጂ።

ስለ ሰላጣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከአምና በፊት በዝናብ ወራት ከአንድ ባለ መስታወት፣ የሚያብረቀርቅ ካፌ ገብቼ ጥሬ ሰላጣ በላሁ። ሦስት ቀን ተኛሁ፤ ሁለት ባንክ ማሽናቸው ተበላሽቶ እየጠበቁኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከማዘዜ በፊት ወደ እጅ መታጠቢያው እሄዳለሁ። ውሃ ከቧንቧው እየወረደ ሳሙና ካለ እቀመጣለሁ፤ ውሃው በጀሪካን ከሆነ ግን ከእሳት ላይ የወረደ ነገር ብቻ አዛለሁ። ቤቱ ምንም ያህል ቢያምር ይህን አልተውም።

ዋጋ አልጻፍሁልሽም፤ እስክታነቢው ይለወጣል።

አሁን ወደ አንድ ቤት ልምራሽ፤ ስም የለውም፤ ሰሌዳ አልሰቀሉም። ካዛንቺስ ሳለ ከአንዲት እናት ዘንድ ሽሮ እበላ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ስልካቸውን ሳልይዝ ተለያየን፤ ብዙ ጠየቅሁ፣ የሚያውቅ አልነበረም። ከወራት በኋላ ገርጂ አንድ ትምህርት ቤት ማሽን ጠግኜ ስወጣ የማውቀው ሽታ መጣ፤ የኮረሪማውና የነጭ ሽንኩርቱ ሚዛን የእሳቸው ብቻ ነው። ሽታውን ተከትዬ አንድ የቆርቆሮ በር ገፋሁ፤ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብለዋል። ቀና ብለው አዩኝና «ዛሬስ ዘገየህ» አሉኝ።

ከጓደኛ ጋር ከሆንሽ ተጋቢኖ እዘዢ፤ በሸክላው እየተንተከተከ ይመጣል፣ እስኪሰክን እንጀራ አትንከሪ። ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክፍት ነው፤ የዕለቱ ሽሮ ካለቀ 8 ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋሉ። ሰኞ አይሠሩም። አድራሻውን ለብቻሽ እልክልሻለሁ፤ እዚህ ከጻፍሁት እኔ ራሴ መቀመጫ አጣለሁ።